በአከርካሪ ነርቮች ላይ የሚደርስ ጫናና የሽንት ፊኛ አሠራር

መግቢያ

ሽንትን መቋጠርና በተገቢው ቦታና ጊዜ መልቀቅ ሰው ከሕፃንነቱ ጀምሮ ከሚማራቸው የመጀመሪያ ልምዶች አንዱ ነው። አንዴ ከተለመደ በኋላ ስለ አሠራሩ የሚያስብ ሰው እምብዛም የለም። ይሁን እንጂ ቀላል መስሎ የሚታየው ይህ ተግባር በአንጎል፣ በኅብለ ሠረሠርና በሽንት ፊኛ መካከል ሌትና ቀን ያለማቋረጥ የሚካሄድ የመልእክት ልውውጥ ውጤት ነው። ልውውጡ አንድ ቦታ ላይ ሲታወክ የሚከተለው ችግር የአካል ብቻ ሳይሆን የማኅበራዊ ኑሮም ጭምር ይሆናል።

ወገቡን የሚያመው ሰው ሽንቱ ሲከለከል ወይም ሳያውቀው ሲያመልጠው ሁለቱን ችግሮች አያይዞ መመልከት ብዙም አልተለመደም። ወገቡን ለወጌሻ ያሳያል፤ የሽንቱን ነገር ግን ወይ ብርድ ነው ብሎ ይተወዋል፣ ወይም በኀፍረት ይሸሽገዋል። አንዳንድ ጊዜ ግን ሁለቱም ችግሮች የሚመነጩት ከአንድ ቦታ፣ ይኸውም በአከርካሪው ውስጥ ከተጫነ ነርቭ ነው። እንዲህ በሚሆንበት ጊዜ ሕመምተኛው ተገቢውን ሕክምና ለማግኘት ያለው ጊዜ በሳምንታት ሳይሆን በሰዓታት የሚቆጠር ሊሆን ይችላል።

በሥነ ሕይወት ትምህርት ሥርዓተ ነርቭና የሽንት ሥርዓት ብዙውን ጊዜ በተለያዩ ምዕራፎች ይሰጣሉ። ተማሪው ስለ ኩላሊት ሲማር ነርቭ አይነሣበትም፤ ስለ ነርቭ ሲማርም ፊኛ አይታወሰውም። ይህ ጽሑፍ የሁለቱን ግንኙነት ለማብራራት፣ እግረ መንገዱንም እንዲህ ያለ ችግር ያለበት ተማሪ በትምህርት ቤት ውስጥ እንዴት መታየት እንደሚገባው ለማመልከት የተዘጋጀ ነው።

1. ፊኛ በጤናማ ሰው አካል ውስጥ

ኩላሊቶች ደምን በማጣራት የሚያወጡት ሽንት በሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች አማካይነት ቀስ በቀስ ወደ ፊኛ ይወርዳል። ፊኛ ከጡንቻ የተሠራ ከረጢት ሲሆን፣ የአዋቂ ሰው ፊኛ ከ400 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ያህል ሽንት ይይዛል። ከ150 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ያህል ሲጠራቀም የመጀመሪያው የመሽናት ስሜት ይሰማል። የፊኛው መውጫ በሁለት ቋጣሪ ጡንቻዎች ይጠበቃል። ውስጠኛው ከሰው ፈቃድ ውጭ የሚሠራ ሲሆን፣ ውጫዊው ግን ለፈቃድ የሚታዘዝ ነው። ሰው ሽንቱ መጥቶበት እስብሰባ ፍጻሜ ድረስ ሊታገሥ የሚችለው በዚህ በውጫዊው ጡንቻ ኃይል ነው።

ፊኛ ሁለት ተቃራኒ ተግባሮች አሉት፤ እነርሱም ማከማቸትና ማስወገድ ናቸው። በማከማቸት ጊዜ ግድግዳው ይላላል፤ መውጫው ይጠብቃል። በማስወገድ ጊዜ ግድግዳው ይኮማተራል፤ መውጫው ይላላል። ሁለቱ ክንውኖች ካልተቀናጁ፣ ማለትም ግድግዳው እየገፋ መውጫው ከተዘጋ ወይም ግድግዳው ሳይገፋ መውጫው ከተከፈተ፣ ሥራው ይበላሻል።

ይህን ቅንጅት የሚመሩት ነርቮች በሦስት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን ከኅብለ ሠረሠር የታችኛው የደረትና የላይኛው የወገብ ክፍል የሚነሣው የሲምፓቴቲክ ነርቭ ነው፤ ተግባሩም ፊኛው እንዲላላና ውስጠኛው ቋጣሪ እንዲጠብቅ በማድረግ ማከማቸትን መርዳት ነው። ሁለተኛው ወገን ሳክራል ተብሎ ከሚጠራው የኅብለ ሠረሠር የታችኛው ጫፍ፣ ከ2ኛው እስከ 4ኛው ክፍል የሚነሣው የፓራሲምፓቴቲክ ነርቭ ሲሆን፣ የፊኛውን ግድግዳ ያኮማትራል። ሦስተኛው ወገን ከዚሁ ከሳክራል ክፍል ተነሥቶ ውጫዊውን ቋጣሪ ጡንቻ የሚያዝዘው ፑደንዳል የተባለው ነርቭ ነው። ፊኛው መሙላቱን የሚናገሩ የስሜት ነርቮችም በአብዛኛው በእነዚሁ መንገዶች ይመለሳሉ።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ አንጎል ይገኛል። እንግሊዛዊው ሐኪም ባሪንግተን እ.ኤ.አ. በ1925 በድመቶች ላይ ባደረገው ምርምር፣ ፖንስ በተባለው የአንጎል ግንድ ክፍል ውስጥ የሽንትን አወጣጥ የሚመራ ማዕከል መኖሩን አሳይቷል። የፊኛው መኮማተርና የቋጣሪው መላላት በአንድነት የሚከናወኑት ከዚህ ማዕከል በሚወርደው ትእዛዝ ነው። የፊተኛው የአንጎል ክፍል ደግሞ ጊዜውና ቦታው ተስማሚ እስኪሆን ድረስ ማዕከሉን ይገታል። ሕፃን ልጅ ሽንቱን መቆጣጠር የማይችለው ይህ የመግታት ኃይል ገና ስላልዳበረ ነው።

2. የኅብለ ሠረሠርና የነርቮቹ አቀማመጥ

ከአንገት እስከ ጭራ አጥንት የተደረደሩት የአከርካሪ አንጓዎች በመካከላቸው ክፍት የሆነ ቦይ አላቸው። ኅብለ ሠረሠር የሚያልፈው በዚህ ቦይ ውስጥ ነው። ከኅብለ ሠረሠሩ 31 ጥንድ ነርቮች ግራና ቀኝ ይወጣሉ፤ ከእነዚህም 8ቱ የአንገት፣ 12ቱ የደረት፣ 5ቱ የወገብ፣ 5ቱ የሳክራልና 1ዱ የጭራ አጥንት ጥንዶች ናቸው።

እዚህ ላይ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የማያስተውሉት አንድ ጉዳይ አለ። ኅብለ ሠረሠር እስከ አከርካሪው ጫፍ አይደርስም። በአዋቂ ሰው ከ1ኛው እስከ 2ኛው የወገብ አንጓ አካባቢ ያበቃል። ከዚያ በታች በቦዩ ውስጥ የሚገኙት ከኅብለ ሠረሠሩ ተነሥተው መውጫ ቀዳዳቸውን ፍለጋ ወደ ታች የሚወርዱ የነርቭ ሥሮች ናቸው። ቅርጻቸው የፈረስ ጭራ ስለሚመስል በላቲን ቋንቋ ካውዳ ኢኩዊና፣ ማለትም የፈረስ ጭራ፣ ተብለዋል። የፊኛውና የሰገራ መውጫው ነርቮችም ከእነዚሁ መካከል ናቸው። ስለዚህ የመጨረሻዎቹ የወገብ አንጓዎች ሲጎዱ የሚነካው ኅብለ ሠረሠሩ ሳይሆን ይህ የነርቭ ጥቅል ነው።

መምህሩ ይህን በቀላሉ ሊያሳይ ይችላል። የአንድ ክንድ ያህል ርዝመት ያለውን ሸምበቆ ለሁለት ሰንጥቆ፣ በአንደኛው ግማሽ ውስጥ ከላይ እስከ መካከል ወፍራም ገመድ፣ ከመካከል እስከ ታች ደግሞ ከገመዱ ጫፍ የተተረተሩ ክሮች ቢያስቀምጥ የኅብለ ሠረሠሩንና የፈረስ ጭራውን ልዩነት ያመለክታል። ከዚያም በተለያየ ከፍታ ላይ ጭቃ በመጠቅጠቅ ጫና የት እንደሚደርስና ምን እንደሚነካ ተማሪዎቹ ራሳቸው እንዲናገሩ ማድረግ ይቻላል።

3. ጫናው ነርቭን የሚጎዳበት መንገድ

ነርቭ ውኃ እንደሚያስተላልፍ ቱቦ አይደለም፤ ስለዚህ ሲጫን መልእክቱ የሚቋረጠው መንገዱ ስለጠበበ ብቻ አይደለም። ነርቭ ሕይወት ያለው አካል ነው፤ ኦክስጅንና ምግብ የሚያመጡለት ጥቃቅን የደም ሥሮች አሉት። ጫና ሲደርስበት በቅድሚያ ደም መላሾቹ ይታፈናሉ፤ ነርቩም ያብጣል። እብጠቱ ደግሞ በጠባቡ ቦይ ውስጥ ጫናውን ያባብሰዋል። ቀጥሎም የደም አቅርቦቱ ይቀንሳል፤ የነርቩ ሽፋን ይጎዳል፤ በመጨረሻም ነርቩ ራሱ ይሞታል። የፈረስ ጭራው ሥሮች በእጅና በእግር ውስጥ እንደሚገኙት ነርቮች ጠንካራ ሽፋን ስለሌላቸው በጫና በቀላሉ ይጎዳሉ።

በመጀመሪያው ደረጃ ጫናው ቢነሣ ነርቩ ሊያገግም ይችላል። ከቆየ ግን ጫናው ቢነሣም ጉዳቱ አይመለስም። የሕክምናው አስቸኳይነት የሚመነጨው ከዚህ ነው።

4. የጫናው ቦታና በፊኛ ላይ የሚያስከትለው ውጤት

በፊኛው ላይ የሚታየው ችግር ጫናው እንደደረሰበት ከፍታ ይለያያል።

ሀ/ ጫናው ከሳክራል ክፍል በላይ ሲሆን። በአንገት ወይም በደረት አካባቢ ኅብለ ሠረሠር ሲጫን የታችኛው የሳክራል ማዕከል ሳይጎዳ ይቀራል፤ ከአንጎል ጋር ያለው ግንኙነት ግን ይቋረጣል። ጉዳቱ ድንገተኛ ከሆነ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፊኛው ፈጽሞ ይዝላል፤ ሽንትም ይከለከላል። ከዚያ በኋላ ማዕከሉ ያለ አንጎል ቁጥጥር በራሱ መሥራት ይጀምራል። ፊኛው ጥቂት ሽንት ሲጠራቀምበት ሰውየው ሳይፈቅድ ይኮማተራል። በተጨማሪም ከፖንስ የሚመጣው የማቀናጃ ትእዛዝ ስለማይደርስ፣ ፊኛው በሚኮማተርበት ጊዜ ቋጣሪው በመላላት ፈንታ ይጠብቃል። ይህም በፊኛው ውስጥ ከፍተኛ ግፊት ይፈጥራል፤ ግፊቱም ሽንትን ወደ ኩላሊት ሊመልስ ይችላል። ጉዳቱ ከ6ኛው የደረት ክፍል ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ጊዜ ደግሞ የሞላ ፊኛ ብቻውን የደም ግፊትን በድንገት ከፍ በማድረግ ለሕይወት አስጊ ሊሆን ይችላል።

ለ/ ጫናው በሳክራል ክፍል ወይም በፈረስ ጭራው ላይ ሲሆን። በዚህ ጊዜ የሚቋረጠው ወደ ፊኛው የሚሄደው የመጨረሻው መንገድ ነው። ፊኛው መኮማተር ያቅተዋል፤ የመሙላቱም ስሜት ይጠፋል። ሕመምተኛው ለመሽናት ያምጣል፤ የሽንቱ አወራረድ ደካማና የሚቆራረጥ ይሆናል፤ ከጨረሰም በኋላ ብዙ ሽንት በፊኛው ውስጥ ይቀራል። ጉዳቱ ሲባባስ ፊኛው ያለ ምንም ሕመም እስከ ጫፉ ይሞላል፤ ከዚያም እንደ ሞላ እንስራ ከአፉ ላይ እየተንጠባጠበ ይፈስሳል።

በዚህ ረገድ ብዙ ሰዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ሽንት እየተንጠባጠበ የሚወጣ በመሆኑ ሕመምተኛውም ሆነ ቤተሰቡ ሽንት አልተከለከለም ብለው ያምናሉ። በእውነቱ ግን የሚንጠባጠበው ፊኛው መሙላቱን እንጂ መሥራቱን አያመለክትም። ሕመም አለመኖሩም መጽናኛ አይደለም፤ ሕመሙን የሚናገረው ነርቭ ራሱ ዝም ማለቱን ያሳያል እንጂ።

ሐ/ ጫናው በአንድ የነርቭ ሥር ላይ ብቻ ሲሆን። በአንድ ወገን የሚገኝ አንድ የነርቭ ሥር ሲጫን ከወገብ ተነሥቶ ወደ አንድ እግር የሚወርድ ሕመም ይሰማል፤ ፊኛው ግን ብዙውን ጊዜ አይነካም። ምክንያቱም ፊኛ ነርቮቹን የሚያገኘው ከግራም ከቀኝም በመሆኑ ነው። ስለዚህ የአንድ እግር ሕመም ወደ ሁለቱም እግሮች ሲዛመትና ሽንት ሲታወክ፣ ጫናው ከዳር ወደ መካከል መግባቱን ያመለክታል።

5. የጫናው መንስኤዎች

በሥራ ዕድሜ ላይ በሚገኙ ሰዎች የፈረስ ጭራውን ለጫና ከሚዳርጉት ምክንያቶች ዋነኛው የዲስክ መንሸራተት ነው። ዲስክ በሁለት አንጓዎች መካከል የሚገኝ፣ ውጩ ጠንካራ ውስጡ ለስላሳ የሆነ ትራስ ነው። ውጫዊው ክፍል ሲሰነጠቅ ለስላሳው ክፍል ወደ ቦዩ ይወጣል። አሜሪካውያኑ ሐኪሞች ሚክስተርና ባር እ.ኤ.አ. በ1934 ባወጡት ጽሑፍ የተሰነጠቀ ዲስክ ነርቭን በመጫን የእግር ሕመም እንደሚያስከትል አስረድተዋል። ችግሩ በብዛት የሚታየው በ4ኛውና በ5ኛው የወገብ አንጓዎች መካከልና ከ5ኛው በታች ነው።

ለኢትዮጵያ ልዩ ትኩረት የሚያሻው ሌላው መንስኤ የአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳ ነው። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ፐርሲቫል ፖት እ.ኤ.አ. በ1779 የጀርባ መጉበጥንና የእግር መስነፍን አያይዞ ገልጿል፤ በሽታውም በስሙ ይጠራል። ተሕዋሲው የታወቀው ግን ከመቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1882 በሮበርት ኮክ አማካይነት ነው። በሽታው የአንጓዎቹን የፊት ክፍል ቀስ በቀስ ይበላል፤ አንጓዎቹም ሲደረመሱ ጀርባው ይጎብጣል። የተጠራቀመው መግልና የፈረሰው አጥንት ኅብለ ሠረሠሩን ይጫናል። በልጆች ላይም ስለሚደርስ፣ ጀርባውን የሚያመው፣ የሚከሳና አረማመዱ የተለወጠ ተማሪ ሲታይ በቸልታ መታለፍ የለበትም። በሽታው መድኃኒትን ለብዙ ወራት ሳያቋርጡ በመውሰድ ይድናል። ከመድኃኒቶቹ አንዱ የሆነው ሪፋምፒሲን ሽንትን ወደ ብርቱካንማ ቀለም ይለውጣል፤ ይህ ግን ጉዳት የሌለው በመሆኑ ሕክምናን ለማቋረጥ ምክንያት ሊሆን አይገባም።

ከዚህ በተረፈ የመኪና አደጋ፣ ከዛፍ ወይም ከሕንፃ መወጣጫ ላይ መውደቅ፣ ዕጢ እንዲሁም በዕድሜ ብዛት የሚመጣ የቦይ መጥበብ ይጠቀሳሉ። ከከፍታ የወደቀን ሰው ማሸትና መጎተት የተሰበረውን አንጓ ሊያንሸራትትና ከፊል የነበረውን ጉዳት ሙሉ ሊያደርግ ስለሚችል፣ የተጎዳውን ሰው ጀርባው ሳይታጠፍ በጠፍጣፋ ሳንቃ ላይ አስተኝቶ ወደ ሆስፒታል ማድረስ ያስፈልጋል።

6. ሊዘገዩ የማይገባቸው ምልክቶች

አብዛኛው የወገብ ሕመም አደገኛ አይደለም፤ በዕረፍትና በቀላል ሕክምና በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይሻላል። ሆኖም ከወገብ ሕመም ጋር ከሚከተሉት አንዱ ሲታይ ሕመምተኛው በዚያው ዕለት ሆስፒታል መድረስ ይገባዋል፦

— ሽንት መከልከል፣ ለመጀመር ማስቸገር፣ የመሽናት ስሜት መጥፋት ወይም ሳያውቁ ማምለጥ፤
— በኮርቻ ላይ ሲቀመጡ ኮርቻውን የሚነካው የሰውነት ክፍል፣ ማለትም በብልትና በመቀመጫ ዙሪያ ያለው ቆዳ መደንዘዝ፤
— ሰገራን መቆጣጠር አለመቻል፤
— የሁለቱም እግሮች ሕመም፣ መደንዘዝ ወይም መዛል።

ሐኪሙ የሕመምተኛውን ቆዳ ስሜት ይመረምራል፤ ከሸና በኋላም በፊኛው ውስጥ የቀረውን ሽንት ይለካል። ጫናው ያለበትን ቦታ ለይቶ የሚያሳየው ኤም.አር.አይ. የተባለው ምርመራ ነው። የተንሸራተተው ዲስክ በቀዶ ሕክምና የሚነሣ ሲሆን፣ ይህ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ውስጥ ሲደረግ ውጤቱ የተሻለ እንደሚሆን በሰፊው ይታመናል። ከሁሉም በላይ ወሳኝ የሆነው ግን ሕመምተኛው ሽንቱን በከፊልም ቢሆን መቆጣጠር እየቻለ መድረሱ ነው። የሚዘገየው በመንገዱ ርቀት ብቻ አይደለም፤ ስለ ብልትና ስለ ሽንት መናገር ነውር ተደርጎ በመቆጠሩም ጭምር ነው።

7. ጉዳቱ ዘላቂ ሲሆን

በፊኛ ውስጥ የሚቀር ሽንት ለተሕዋስያን መራቢያ ይሆናል፤ ጠጠርም ይፈጥራል። ግፊቱ ወደ ላይ ሲመለስ ኩላሊቶች ይጎዳሉ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ኅብለ ሠረሠራቸው የተጎዳ ወታደሮች በአብዛኛው የሞቱት ከአከርካሪው ጉዳት ይልቅ በሽንት ሥርዓት መመረዝና በመተኛት ብዛት በሚመጣ ቁስል ነበር።

ይህን ሁኔታ ከለወጡት ሐኪሞች አንዱ ከናዚ ጀርመን የተሰደደው ሉድቪግ ጉትማን ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል በተከፈተው ክፍል፣ የሕመምተኞች ጎን በየሁለት ሰዓቱ እንዲገለበጥና ፊኛቸውም በንጹሕ ቱቦ በየጊዜው እንዲራቆት አደረገ። በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ የተጎዳው የማራቶን ጀግና አበበ ቢቂላ የታከመው በዚሁ ሆስፒታል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1970ም በተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚዎች ውድድር በቀስት ተሳትፏል። አሜሪካዊው ሐኪም ጃክ ላፒደስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1972 ሕመምተኛው ራሱ እጁን ታጥቦ፣ በንጹሕ ቱቦ፣ በቀን ብዙ ጊዜ ፊኛውን ማራቆት እንደሚችል አሳየ። ፊኛው ሞልቶ እንዳይለጠጥ እስከተደረገ ድረስ ሕክምናው እንደ ቀዶ ሕክምና ያለ ፍጹም ከተሕዋስያን የጸዳ ሁኔታ የሚጠይቅ አለመሆኑ በመታወቁ፣ ብዙዎች ከሆስፒታል ወጥተው ወደ ሥራቸውና ወደ ትምህርታቸው ሊመለሱ ችለዋል።

8. ጉዳዩ ለመምህሩ ያለው ትርጉም

በክፍል ውስጥ ሽንቱ የሚያመልጠው ተማሪ በጓደኞቹ ይሣቅበታል፤ ከመቀመጫው ይርቁታል፤ አንዳንድ ጊዜም በመምህሩ ይገሠጻል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከትምህርት ቤት ይቀራል። ውኃ ባለመጠጣት ችግሩን ለማስወገድ የሚሞክርም አለ፤ ይህ ግን ሽንቱን በማወፈር ሕመሙን ያባብሰዋል።

ሽንት የሚያመልጠው ልጅ ሁሉ የነርቭ ሕመም አለበት ማለት አይደለም። የፊኛ ቁስለት፣ የስኳር በሽታ፣ ጭንቀትና ሌሎችም ምክንያቶች አሉ። ከልደት ጀምሮ የአከርካሪያቸው ቦይ ሳይገጠም የቀረ ልጆችም ተመሳሳይ ችግር ይደርስባቸዋል። በሽታውን መለየት የሐኪም እንጂ የመምህሩ ተግባር አይደለም። የመምህሩ ድርሻ ቀድሞ ሽንቱን ይቆጣጠር የነበረ ልጅ ሲለወጥ ማስተዋል፣ የጀርባ ሕመም ወይም የአረማመድ ለውጥ መኖሩን መመልከት፣ ልጁን በሰው ፊት ሳይጠይቅ ወላጆቹን ለብቻ ማነጋገርና ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወስዱት መምከር ነው።

ጉዳቱ ዘላቂ የሆነበት ተማሪ የሚያስፈልገው ነገር ብዙ አይደለም። ፈቃድ ሳይለምን በተወሰነ ሰዓት የሚወጣበት ሁኔታ፣ በሩ የሚዘጋ መጸዳጃ ቤት፣ የመታጠቢያ ውኃና ምስጢሩን የሚጠብቅለት አንድ መምህር ቢያገኝ ትምህርቱን እንደ ማንኛውም ተማሪ ሊከታተል ይችላል።

ማጠቃለያ

የፊኛ አሠራር በአንጎል፣ በኅብለ ሠረሠርና በፈረስ ጭራው ነርቮች መተሳሰር ላይ የተመሠረተ ነው። ጫናው ከላይ ሲሆን ፊኛው ያለ ቁጥጥር ይኮማተራል፤ ከታች ሲሆን ዝሎ ይሞላል። በሁለቱም መንገድ መጨረሻ ላይ የሚገኘው፣ ካልተጠነቀቁለት፣ የኩላሊት ጉዳት ነው። ይህን የተማረ ወጣት የወገብ ሕመም ያለበት አባቱ ሽንቱ እንደተከለከለ ቢሰማ ሁለቱን አያይዞ ሊያስብና በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታል ሊያደርሰው ይችላል። ሥርዓተ ነርቭን በክፍል ውስጥ የማስተማር ጥቅም ከፈተና ወረቀት አልፎ የሚታየው በእንደዚህ ያለው ጊዜ ነው።